አዲስ አኳሪየም እስኪሟሽ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አዲስ ጀበና ገዝቶ በዚያው ቀን ለእንግዳ ቡና የሚያፈላበት የለም። መጀመሪያ ይሟሻል። ምጣድም እንደዚያው ነው። አኳሪየም ሲሆን ግን ብዙዎቻችን ከሱቅ አምጥተን፣ ውሃ ሞልተን፣ በዚያው ማታ ዓሣ እንለቅበታለን። በሳምንቱ ዓሦቹ አንድ በአንድ መሞት ሲጀምሩ «እኔ ዓሣ አይሆንልኝም» ብለን ገንዳውን በረንዳ ላይ እናወጣዋለን።

እኔም የጀመርኩት እንደዚህ ነበር። ሱቅ ውስጥ የነበረው ልጅ «ዛሬ ሞልተው ዛሬ ማስገባት ይችላሉ» አለኝ። ጉፒ የሚባሉ 8 ትንንሽ ዓሦች ይዤ ቤቴ ገባሁ። በ6ኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ሁሉም ውሃው አናት ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በ10ኛው ቀን የተረፉት 2 ነበሩ። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ጨመርኩ። ውሃውን በሙሉ ቀየርኩ። ፊልተሩን፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያውን፣ ቧንቧ ሥር አድርጌ ፈተግኩት። ሦስቱም ነገሩን ያባባሱት እንደነበሩ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

መልሱን ለሚቸኩል ሰው አስቀድሜ ልናገር። አኳሪየም ዓሣ ለመቀበል ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። እስኪረጋጋ ከ3 እስከ 4 ወር ይሄዳል። «አሁን አለቀ፣ አማረ» የሚያሰኘው መልክ የሚመጣው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እርሾ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ማሳጠር ይችላል። ስለ እርሾው በኋላ እመጣበታለሁ።

ውሃው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ዓሣ የሚያስወግደው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ነው። አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ በኩል ነው። የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይሆናል። ወንዝና ሐይቅ ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ ውሃው ብዙ ነው። 100 ሊትር ውስጥ ግን አሞኒያው በጥቂት ቀን ይጠራቀምና የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል።

የሚያድኑን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ደሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም፣ ተክሎችም ይመገቡታል፣ የቀረውን እኛ ውሃ ስንቀይር እናወጣዋለን።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በጣም ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። እርጎን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸውን እጥፍ ለማድረግ ከ1 ሰዓት ብዙም አይፈጅባቸውም። የእኛዎቹ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከ1 ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ሳምንታት የምንጠብቀው ለዚህ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሚኖሩት ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ አይደለም። የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ እንጨቱ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ ሟሸ የምንለው ፊልተሩንና ጠጠሩን ነው። የወር ዕድሜ ያለው ውሃ በጀሪካን አምጥታችሁ ብትሞሉ የሚጠቅማችሁ ነገር የለም።

ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት

1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 80 በ35 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይይዛል። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከ130 ኪሎ በላይ ይሆናል። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም የብረት ማቆሚያ አሠሩለት፣ በውሃ ልክ አስተካክሉት፣ ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት። አለበለዚያ ውሃው አረንጓዴ ይሆንባችኋል።

መስታወት ቤት የምታሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ንገሯቸው። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይሁን፤ መከላከያው ዓሣ ይገድላል። ከተሠራ በኋላም ሲሊኮኑ የሚያወጣው የኮምጣጤ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይቀመጥ። አንድ ሳምንት በቂ ነው። ከዚያ ግቢ ወይም በረንዳ ላይ ሞልታችሁ አንድ ሙሉ ቀን አሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያ ያፍስስ።

ጠጠር ከወንዝ ልታመጡ ትችላላችሁ። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ውስጥ ማዕድን ያበዛል፤ ተዉት። ያለ ሳሙና፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት። ሳሙና የነካው ባልዲ ለአኳሪየም አይሆንም። የዓሣ ባልዲ ለብቻው ይሁን፣ ላዩ ላይ ጻፉበት፣ ለቤት ሰው ሁሉ ንገሩ። ለጌጥ እንጨት ከፈለጋችሁ በደንብ የደረቀና ቅርፊቱ የወደቀ ይሁን። ባህር ዛፍና ጥድ አይሆኑም፤ ዘይትና ሙጫ አላቸው። እንጨቱን ቀቅሉት ወይም ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ውሃውን እንደ ቀጭን ሻይ ቢያቀላው አትደንግጡ፣ ጉዳት የለውም።

ውሃውና ሙቀቱ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ስለሆነ የእኛንም አይምርም። ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት ቢቀመጥ ይተናል። የአየር ፓምፕ ከገባበት ደግሞ ይፈጥናል። የአዲስ አበባ ሰው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሮቶና በጀሪካን ማጠራቀም ለምዷል። ለአኳሪየም ይህ ልማድ ጥሩ ነው። ግን የታሸገ ጀሪካን ክሎሪኑን ይዞ ይቆያል፤ ክፈቱት።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ወገኖቻችን ግን ይህ አይሠራም። የከተማው ውሃ የሚታከመው ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር በተዋሃደበት በክሎራሚን ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ በማሳደር አይጠፋም። በየዓመቱ ፀደይ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ፣ ከዚያ ያው ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የዓሣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን ማርከሻ ተጠቀሙ።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሳሎኔ ውስጥ ያለ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የነበረውን ውሃ ለክቼው 17 ዲግሪ አግኝቻለሁ። ጉፒው ይቅርና ባክቴሪያውም በዚህ ብርድ በጣም ይዘገያል። እነሱ የሚወዱት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሂተር ዓሣ ከመግባቱ በፊት፣ ከመጀመሪያው ቀን ይብራ። በ1 ሊትር 1 ዋት ብላችሁ አስሉ። 100 ሊትር ከሆነ 100 ዋት። 26 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

ከፍታውንም ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የውጭ አገር መጻሕፍት «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። እኔ ከሚሉት ሩቡን እቀንሳለሁ። የፊልተሩም መውጫ የውሃውን ገጽ እያናወጠ እንዲፈስ አደርገዋለሁ። ባክቴሪያዎቹም ቢሆኑ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም።

እርሾ መጣል፦ ከ1ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት

ፊልተሩና ሂተሩ ይሠራሉ፣ ዓሣ የለም። ባክቴሪያው እንዲመጣ የሚበላው አሞኒያ ያስፈልገዋል። ቀላሉ መንገድ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ መጨመር ነው። ወይም የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥሬ የዓሣ ሥጋ በስቶኪንግ ቋጥራችሁ አንጠልጥሉ። ይበሰብሳል፣ ትንሽ ይሸታል፣ ሥራውን ይሠራል።

አሁን እርሾው። የሊጥ እርሾ ያለቀበት ሰው ጎረቤት ይጠይቃል። ይህም ያው ነው። ዓመት የሞላው ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራጭ ይስጣችሁ። ከራሱ ከገንዳው ውሃ ጋር በላስቲክ አድርጋችሁ፣ ሳይደርቅና ሳይታጠብ፣ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ ፊልተራችሁ ውስጥ አስገቡት። ስድስቱ ሳምንት ወደ ሁለት ሊወርድ ይችላል። ዓሣ እየሞተበት ካለ ገንዳ ግን አትውሰዱ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያም አለ። በመንገድና በመጋዘን ሙቀት ከርሞ ከሆነ ምን ያህሉ በሕይወት እንዳለ በዓይን አይለይም። ስለዚህ እኔ ስፖንጁን እመርጣለሁ።

በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ቢኖራችሁ ግምት ውስጥ አትገቡም። እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስመጡ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት ሦስቱም መኖራቸውን አረጋግጡ። በወረቀት ከሚሠሩት መመርመሪያዎች ብዙዎቹ አሞኒያ የላቸውም።

በ3 ቀን አንዴ ለኩና ጻፉ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል። ከ2ኛው ሳምንት ወዲህ እሱ መውረድ ይጀምርና ናይትራይቱ ይነሳል። ይሄኛው ትዕግሥት የሚፈትን ነው፤ አንዳንዴ 3 ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንድ ጠዋት ትለኩና ዜሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ቀን አትቸኩሉ። ምግቡን እንደ ወትሮው ጨምሩና በማግሥቱ፣ በሦስተኛውም ቀን ለኩ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ፣ ናይትሬት ደግሞ ካለ፣ ገንዳው ሟሽቷል። ግማሽ ያህል ውሃ ቀይራችሁ ዓሣ ለመግዛት መውጣት ትችላላችሁ።

መመርመሪያ የሌለው ሰው 6 ሳምንት ሙሉ ይጠብቅ፣ በ2 ወይም በ3 ዓሣ ብቻም ይጀምር።

ውሃው ሲነጣ፣ መስታወቱ ቡናማ ሲሆን

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም በጊዜው የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው።

በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ይህ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፣ በፍጥነት የሚራባው። ውሃውን በሙሉ የቀየረ ሰው እንደገና ይጀምረዋል። ዝም ካላችሁት በሳምንት ውስጥ ይጠራል። አዲስ እንጨት ላይ ነጭ ልጋግ ይወጣል፤ እሱም በራሱ ይጠፋል፣ ቀንድ አውጣም ይበላዋል።

ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ ቡናማ ብናኝ መስታወቱን፣ ጠጠሩን፣ ቅጠሉን ይሸፍናል። በጣታችሁ ብትጠርጉት እንደ ቡና ዱቄት ተነስቶ ይበተናል። ዳያተም የሚባል ረቂቅ ዕፅ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ያለውን ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን) እየበላ ያድጋል፣ ሲሊካው ሲያልቅበትና ሌሎች ሲቀድሙት ይመነምናል። ብዙ ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ወር አይታይም። እስከዚያ መስታወቱን በንጹሕ ስፖንጅ ጥረጉ፣ መብራቱን በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ አብሩ። ኬሚካል አትጨምሩ። ከእሱ በኋላ አረንጓዴው ይመጣል። አረንጓዴ ሲታይ ደስ ይበላችሁ፣ ገንዳው እየበሰለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓሦች

ለ100 ሊትር 5 ወይም 6 ትንንሽ ዓሦች ይበቃሉ። ጉፒ፣ ፕላቲ ወይም ዜብራ ዳንዮ። ዜብራ ዳንዮ ብርድ ስለሚችል መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ተመራጭ ነው። ዓሣው የመጣበትን ላስቲክ ሳትከፍቱ ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ከዚያ ከፍታችሁ በየ5 ደቂቃው በስኒ የገንዳውን ውሃ ጨምሩበት፣ ላስቲኩ ሲሞላ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ ልቀቁት። የሱቁን ውሃ አታስገቡ።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱት ያህል። በሳምንት አንድ ቀን ምንም አትስጧቸው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ የቀኑን ድርሻ አስቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ልጅ ዓሣ የራበው እየመሰለው ሁልጊዜ ይጨምራል። የሚቀጥሉትን ዓሦች ከ2 ሳምንት በኋላ ጨምሩ። ባክቴሪያው የሚያድገው በምግቡ ልክ ስለሆነ ዓሣውን እጥፍ ስታደርጉ ጊዜ ስጡት። ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ የሚባሉት ዓሦች ከ3ኛው ወር ወዲያ ቢመጡ ይሻላል። ከመስታወት ላይ ቅባቱን እየጋጡ የሚኖሩ እንደ ኦቶሲንክለስ ያሉት ደግሞ የሚጋጡት ነገር እስኪኖር፣ ከ6 ወር በኋላ።

ከሐዋሳ ወይም ከዝዋይ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት አምጥቶ መልቀቅም አለ። ትንሽ ሆኖ ሲታይ ያምራል። ግን ይህ ሰሃን የሚሞላ ዓሣ ነው። ተክሉን ነቅሎ፣ ጠጠሩን ቆፍሮ፣ ሌሎቹን አባሮ ይጨርሳል።

ዓሣ ካለ በኋላ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከታየ፣ ወይም ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ከጀመሩ፣ ግማሹን ውሃ ክሎሪኑ በወጣና ሙቀቱ በተመሳሰለ ውሃ ቀይሩ። ምግብ አቁሙ፣ አየር ጨምሩ። ችግሩ ናይትራይት ከሆነ በ100 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ሟምቶ ቢገባ ናይትራይቱ ወደ ደማቸው እንዳይገባ ይከላከላል። ያኔ የሞቱብኝ ጉፒዎች ያስፈልጋቸው የነበረው ይህ ብቻ ነበር።

መብራት ሲጠፋ

እኛ አገር ይህን ሳያነሱ ስለ አኳሪየም መጻፍ አይቻልም። ፊልተሩ ሲቆም ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በተለይ በተዘጋ ፊልተር (ከገንዳው ውጭ በተከደነ ዕቃ በሚሠራው) ውስጥ ከሆኑ ጥቂት ሰዓት ሲቆዩ ይታፈናሉ። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሰው የምመክረው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ነው። ርካሽ ነው፣ ስፖንጁ ገንዳው ውስጥ ስላለ ውሃ አይርቀውም፣ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕም ይገጥመዋል።

ባትሪ ከሌለ ኩባያ ያዙ። ውሃውን ቀድታችሁ ክንድ ከሚያህል ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። 20 ወይም 30 ጊዜ፣ በየሩብ ሰዓቱ። ብርድ ከሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። መብራት እስኪመጣ ምግብ የለም። የተዘጋ ፊልተር ካላችሁና ከ4 ሰዓት በላይ ከቆመ፣ ከመሰካታችሁ በፊት በውስጡ የታቆረውን ውሃ ድፉ። አለበለዚያ የበሰበሰውን ሁሉ ዓሦቹ ላይ ይተፋዋል።

ከ3ኛው ወር በኋላ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። ስፖንጁን በወር አንዴ፣ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቧንቧ ሥር በፍጹም። ሲጨመቅ አሽቱት፤ የበሰለ ስፖንጅ ዝናብ ሲጀምር አፈር የሚሸተውን ይሸታል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አላገኘም ማለት ነው።

ቦታ መለዋወጥ አቁሙ። ድንጋዩን በየሳምንቱ የሚያዞር ሰው አኳሪየሙ አይበስልለትም። ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ የሚባሉትን የውሃ ተክሎች እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው፣ ግንዳቸውን ጠጠር ውስጥ አትቅበሩ፤ ይበሰብሳል። በ4ኛው ወር ገደማ ሥራቸው ራሱ እንጨቱን ይጨብጣል፣ ክሩን ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ቫሊስኔሪያ የሚባለውን የውሃ ተክል ከተከላችሁ ሁለት ወር ምንም ያልተካሄደ ይመስላል። ከዚያ በጠጠሩ ሥር እየሄደ በየጣቱ ርቀት አዲስ ቡቃያ ያወጣል።

የመጨረሻው መልክ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ ጠጠር ያለው ያ ብልጭልጭ ይጠፋል። ድንጋዩ ላይ ስስ አረንጓዴ ይለብሳል። ዓሦቹ መደበቅ ይተዋሉ፣ ቀለማቸው ይደምቃል፣ ከጠጠሩ ላይ እየለቀሙ ይውላሉ። የእኔ ሁለተኛው አኳሪየም 7 ወር ሲሞላው፣ መብራቱን ከማብራቴ በፊት ባትሪ ይዤ ሳየው፣ የጃቫ ፈርኑ ሥር ውስጥ የሩዝ ፍሬ የማያካክሉ የጉፒ ጫጩቶች ነበሩ። ዓይናቸውና ጅራታቸው ብቻ ነው የሚለየው። ማንም ምግብ አልሰጣቸውም፤ ከቅጠሉ ላይ የሚለቅሙት ነበራቸው።

ዓመት ሲሞላ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ኮምጣጣነት ይወስዱታል። ውሃ መቀየር የተወ ሰው አኳሪየሙ ለወራት ጤነኛ መስሎ ቆይቶ በድንገት አዲስ ዓሣ አልቀበል ይላል። እንደዚያ ከሆነባችሁ በአንድ ቀን ብዙ አትቀይሩ። በየ2 ቀኑ አሥር አሥር በመቶ እያደረጋችሁ መልሱት።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ያለው ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ እርሾ ይስጡኝ» አለኝ። ከስፖንጄ ሲሶውን በመቀስ ቆርጬ፣ ከገንዳው ውሃ ጋር በእርጎ ዕቃ አድርጌ ሰጠሁት። እናንተም ስትሰጡ ከሲሶ አትለፉ፣ ለ10 ቀን ያህልም ለዓሦቻችሁ የምትሰጡትን ምግብ በግማሽ ቀንሱ፤ የተቆረጠው እስኪተካ ድረስ።